ሦስት ሰፊ ጉድጓድ፣ ሦስት ጠባብ

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ፑል አጫውት በነበርኩበት ጊዜ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው ኳሱ ሲገባለት ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል እንጂ ጉድጓዱ ሰፊ መሆኑ ትዝ አይለውም። ስለዚህ የእኔ ጠረጴዛዎች ጉድጓዳቸው ሰፊ ነበር። ጨዋታው ቶሎ ያልቃል፣ የተሸነፈው “ለጥቂት ነው” ብሎ ይደግማል፣ ያሸነፈው ራሱን ያደንቃል፣ እኔም ለሚቀጥለው አስከፍላለሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከቦዲቲና ከአረካ የሚመጡ አንዳንድ ነቄዎች ብቻ “ይሄ ጉድጓድ ነው የጎተራ በር?” ብለው ስቲኩን አስቀምጠው ይወጡ ነበር።

ያን ሥራ ትቼ ቆርቆሮና ምስማር ወደ መሸጥ ከዞርኩ ቆይቻለሁ። ስለ ጉድጓድ ስፋት ዳግመኛ እጨነቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያስጨነቀኝ ታላቅ ወንድሜ ነው።

እኛ ቤት “ባይራ” ነው የምንለው። በወላይትኛ ታላቅ፣ በኩር ማለት ነው። በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ምግብ ሲቀርብ የእሱ እጅ ይቀድማል፤ እሱ ሥጋውን ቆርጦ ካልቀመሰ ማንም አይነካም። ፑል ላይም ኳሱን የሚበትነው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ደግሞም ይገባዋል። የጭነት መኪና እየነዳ ከቤሌ ሲመለስ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን ጠርጎ ይነሳ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ እንግዳ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ባይራም ከግቢው መውጣት አቆመ። ሚስቱ አንድ ቀን “ድሮ መንደሩን ሁሉ ይቆጣ የነበረ ሰው፣ አሁን ዶሮዎቹ ሳሎን ሲገቡ እንኳ ዝም ነው” አለችኝ። ከሐኪሙ ወሬ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነበር። በዚህ ከቀጠለ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ሊያልቅ ነው።

ቤቴ የፑል ጠረጴዛ ላሠራ ወሰንኩ። ሰው ሳያየው ይጫወታል ብዬ ነው። ሚስቴ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ነገርኳት።

“ከመናኸሪያው እንዲያወጣህ ነው የጸለይኩት” አለች። “ወደ ሳሎኔ ያምጣው አላልኩም።”

“ለባይራ ነው።”

“እንግዲያው መስኮቱ ጋ አድርገው። ብርሃን ይፈልጋል።”

ለሥራው የጠራሁት አናጢ እንጨቱን ገዝቶ፣ ልኩን ወስዶ፣ መጨረሻ ላይ ቀላል የመሰለውን ጥያቄ ጠየቀኝ። “ጉድጓዱ ምን ያህል ይሁን?”

የእኛ መለኪያ ሁለት ኳስ ነው። ጎን ለጎን ስታስገባቸው እየታከኩ ከገቡ ጠባብ፣ ተዝናንተው ከገቡ ሰፊ ይባላል። አናጢው ሁለቱን ኳሶች ይዞ ይጠብቀኛል፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጠባብ ባደርገው ባይራ ይመታል፣ ኳሱ አፉ ላይ ተንገዳግዶ ይመለሳል፣ እሱም ስቲኩን አስቀምጦ ዳግመኛ አይመጣም። ሰፊ ባደርገው ደግሞ ገና ከበሩ ሆኖ በዓይኑ ይለካዋል። እንደታዘንለት ይገባዋል፤ ያን ጊዜም አይመጣም። መናኸሪያ ለደንበኛዬ ጎበዝነቱን መሸጥ ቀላል ነበር፤ ደንበኛው ሊገዛ ፈልጎ ነው የመጣው። ጎበዝ የነበረ ሰው ግን ዕቃውን ያውቀዋል።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። “አፉን የተለመደውን ልክ አድርገው” አልኩት። “ሁለት ኳስ ብታስገባበት ምንም እንዳይታወቅ። ከውስጥ በኩል ግን የጉድጓዱን ጎን የያዘውን የጎማ ጉንጭ ሸረፍ አድርገው። ጉንጩን የነካ ኳስ ወደ ውጭ መመለሱን ትቶ ወደ ውስጥ እንዲንሸራተት።”

አናጢው ኳሶቹን አስቀመጣቸው። “አንተ ሰውዬ፣ ቤትህም ውስጥ ትነግዳለህ?”

ባይራን ያመጣሁት በጊፋታ ነው። በእኛ ዘመን መለወጫ ዘመድ እኔ ቤት ይሰበሰባል፤ ሥጋ ያለ ባይራ ስለማይጀመር እንቢ ማለት አይችልም። መጣ። ጠረጴዛውን አየ። ሁለት ኳስ አንስቶ የማዕዘኑ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ለካ፤ ልክ ነው። ስቲኩን በግራ እጁ ያዘ። የደከመውን ቀኝ እጁን ጨርቁ ላይ አስተኛውና ስቲኩን በላዩ አሳለፈው። ምንም የማይሠራው እጅ ለዚህ ሥራ ጥሩ ድልድይ ወጣው።

የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛው የጉድጓዱን ጉንጭ መታና ገባ። ሦስተኛውም ጉንጩን መታ፤ ገባ። እኔ “አሁንም አለህ” ማለት ጀመርኩ። እሱ ግን ወደ ጉድጓዱ ሄዶ የግራ እጁን ጣት ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ጎማውን ቀስ እያለ ዳሰሰ። ከዚያ ስቲኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ማዕድ ላይ ተቀመጠ።

ሥጋው ቀረበ፣ በቃሪያ የተፈጨው ዳጣ ቀረበ። ባይራ እጁን አልዘረጋም። እሱ ካልዘረጋ ማን ይዘረጋል? ቤቱ ሙሉ ሰው ሥጋውን እያየ ተቀመጠ።

“በጊፋታ ነገር በሆዴ ይዤ አልቀምስም” አለ በመጨረሻ። ሥርዓቱ ነው፤ ቅር ያለው ሰው ሳይናገር አይበላም።

“ምን ቅር አለህ፣ ባይራ?”

“ኳሱን ስቼው ነበር። ጉድጓዱ ነው ያስገባው።”

“አናጢው ምናልባት…”

“አናጢው እኔን የት ያውቀኛል?”

ሚስቴ ከጓዳ በር “እኔ ድሮም ብዬው ነበር” አለች። ብላኝ አታውቅም።

ባይራ ወደ እኔ ዞረ። “ልጆች ሆነን ስንጫወት ሁለት ኳስ አስቀድሜ እሰጥህ አልነበር?”

“ትሰጠኝ ነበር።”

“ደብቄ ነበር የምሰጥህ?”

“የለም። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ነበር።”

“እያሾፍኩብህ።”

“በጣም እያሾፍክብኝ።”

“ታዲያ አንተ ምን ያስደብቅሃል? ከሰጠኸኝ ጮክ ብለህ ስጠኝ። እኔም ጮክ ብዬ እቀበላለሁ።”

በንግድ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ቅናሽ እየተደረገለት ለምን ደበቅከው ብሎ የተቆጣኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

“በመስኮቱ በኩል ያሉት ሦስቱ ጉድጓዶች የእኔ ናቸው” አለ። “በደንብ አስፋቸው፣ እንዲታይ። በግድግዳው በኩል ያሉት ሦስቱ ያንተ፤ ኳስ ለምኖ እስኪገባ ድረስ አጥብባቸው። አንተ በእኔ አታስገባ፣ እኔ ባንተ አላስገባ።”

“ከእኔ አንዷ እንኳ መካከለኛ ትሁን።”

“አይሆንም።”

“እሺ፣ ይሁን።”

ያን ጊዜ ቢላዋውን በግራ እጁ አነሳና ቆረጠ። ቤቱ ተነፈሰ።

አናጢው ተመልሶ ሲመጣ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ጨርሶም “ማን ሠራው ብለው ከጠየቁህ አታውቀኝም” ብሎኝ ሄደ። እውነትም ጠረጴዛው ሲያዩት ያስቃል፤ በአንድ ጎኑ ጎተራ፣ በሌላው የመርፌ ቀዳዳ። እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። ባይራ ራሱ ነው የሚያስረዳው፤ “በሽታ ስለያዘኝ አስፍቶልኛል፤ እሱ ግን ጤነኛ ሆኖ ነው እንዲህ የሚጫወተው” እያለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጅ ይዞ ራሱ ይመጣል። በመንገዱ ላይ ሾፌሩን እንዴት እንደሚነዳ ሳይቆጣው አይቀርም፤ ሲወርድ የሾፌሩ ፊት ይነግረኛል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ክፉኛ ሲያሸንፈኝ ዋለ። ልሸኘው ስነሳ አልተከተለኝም። መስኮቱ ጋ ያለችው ማዕዘን ላይ ቆሞ በጣቱ ጎማውን ይዳስሳል።

“ይቺን ከጎማው ሥር አንድ ቆዳ ጨምረህ አጥብባት” አለኝ።

“ሁሉንም?”

“ይቺን አልኩህ እኮ። ሌሎቹን እንዳትነካ፤ ገና ነኝ።”

መናኸሪያ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ጉድጓድ አጥብብልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ ቆዳ ልፈልግ ወጣሁ።