ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ የተማርሁት

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቢጫ ባልዲ ነው። ከባልዲው ራቅ ብላ አንዲት ሴት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ትፈታለች። መስኮት የለም። ከበሩ በላይ ብሎኬት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል የሐይቁ ሽታ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ ጣና ዳር ቄጠማ ሳጭድ ኖሬ፣ ሐይቁን እንዲህ በአፍንጫዬ ብቻ ሳገኘው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ይግቡ እማማ፣ ይግቡ። እዚህ እንኳ አከራይ የለም" አለችኝ ሴትዮዋ። አከራይዋን በጥፊ መትታ የገባች ናት።

እኔን የያዙኝ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ገበያ ላይ ነው። ቄጠማዬ ላይ ውሃ አርከፍክፌ ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች መጡና "ለአንድ ጥያቄ ይፈለጋሉ" አሉኝ። አልገፈተሩኝም፤ ሐሰት አልናገርም። ቄጠማ ውሃ ካላገኘ በግማሽ ቀን ይጠወልጋልና ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተነሣሁ። ቄጠማ ክፉ ነገር ነው፤ ሲታጨድ ደግሞ ከሥሩ ስንዝር ያህል ካልተዉለት ተመልሶ አያበቅልም። ይህን ለልጆቼ ሁሉ ነግሬያለሁ። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ነገሩ የመጣው ከኮሌጅ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ብሎግ መጻፍ የምታስተምር መምህርት ነበረች፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው። ብሎግ ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "እማማ፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ ያየውን ለጎረቤቱ አያወራም? እሱ ነው። በስልክ ሲሆን ግን ጎረቤቱ ይበዛል" አለችኝ። ተማሪዎቿን ይዛ ወደ ሐይቁ የመጣችው፣ እኛ አጫጆች የምንወርድበት መንገድ በቆርቆሮ በታጠረ ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። አጥሩ በየት በኩል እንደዞረ፣ በጫፉ በጭቃው ዞረን ስናልፍ አንዷ ወድቃ ክንዷ እንደተሰበረ፣ አቤት ብንል "ነገ ተመለሱ" እንደተባልን፣ አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ።

በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። የተጻፈውን ከመለጠፍ በፊት ለባለቤቱ ማንበብ ደንቧ ነው፤ ተማሪዎቿንም የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ አነበበችልኝ። "ሰባት ሴቶች" ትላለች።

"ስድስት ነን። ሰባተኛዋ መሸንቲ ልጇ ዘንድ ሄዳለች" አልኋት።

አስተካከለች። "አሁን የእርስዎ ነው?"

"አዎ፣ የእኔ ነው" አልሁ።

ጣቢያው ውስጥ መርማሪው ወንበር ሰጠኝ። ውሃ በብርጭቆ አስመጣልኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። ከስልኩ አነበበልኝ። ቃል በቃል የእኔ ነው፤ ስድስት የሚለው ሳይቀር።

"እማማ፣ ይህን እርስዎ ነዎት ያሉት? ወይስ መምህርቷ ከራሷ ፈጥራ ነው? እሷ ከፈጠረችው ነገሩ ከእርስዎ ጋር አይደለም። ዛሬ ነገ ቤትዎ ይገባሉ።"

በዚያ እሑድ የታናሹ ልጄ ሕፃን ሰማንያ ቀኗን ሞልታ ክርስትና ልትነሣ ነበር። በቤታችን ከወንዶች መሃል የመጣች አንዲት ሴት ልጅ ናት። አቅፌ የምወስዳት እኔ ነበርሁ።

"እኔ አላልሁም" አልሁት። "እኔ ያልተማርሁ ሴት፣ ስለ አጥር ምን አውቃለሁ?"

ጻፈ። አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም አስነከረና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ጣቴን እንድጠርግበት ሶፍት እንኳ ሰጠኝ።

ቤቴ ግን አልሰደዱኝም። "ወረቀቱ እስኪያልቅ" ተብዬ ባልዲው ካለበት ክፍል ገባሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና መምህርቷ ገባች። የሴቶች ክፍል ያው አንድ ነው።

እኔን ስታይ ደነገጠች። "እማማ! በእኔ የተነሣ እርስዎንም?" ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ሳመችው። "ይቅር ይበሉኝ።"

"ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ" አልኋት። እግዜር ያሳያችሁ፤ እኔ እሷን ይቅር አልሁ።

"ሁሉንም ከራሴ እንደፈጠርኩት ነው የሚሉኝ። ምስክር አለን ይላሉ። ማን ሊሆን ይችላል?" አለችኝ። እኔ ቀዳዳዋን አያለሁ።

ዓርብ ጠዋት የዘቡ ሬዲዮ ሦስት ሰዓት ሆነ ሲል፣ መምህርቷ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። "ይህ የክፍሌ ሰዓት ነው" አለች።

ባለጥፊዋ ሳቀች። "እኛን ልታስተምሪን? እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። እማማ ደግሞ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡ። ወረቀት እንኳ የለሽ!"

"ወረቀት አያስፈልግም። ያየ ሰው ነው የሚያስፈልገው። አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ እንደሚጻፈው አድርጌ እመልስልሻለሁ። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።"

ባለጥፊዋ ነገረቻት። አከራይዋ መብራት እንደቆረጠባት፣ ልጇን እንደሰደበባት፣ አንድ ጊዜ በጥፊ እንዳለችው። መምህርቷ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና በእሷ አፍ መለሰችላት። እሷ አሳጥራ ስትለው ነገሩ ይበልጥ ያማል። "አንድ ጊዜ በጥፊ መታሁት" ላይ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠች።

ባለጥፊዋ ራሷን አከከች። "ሁለት ነው" አለች።

"ሁለት?"

"ሁለት። የጣመኝ እንዲያውም ሁለተኛው ነው። እሱን እንዳትረሺብኝ!"

ዘቡ በሩን እስኪመታ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ አሁን የእርስዎ ተራ።"

"የእኔማ ተጽፏል።"

"እሱማ ተጽፏል። ሌላ ይንገሩን።"

"ያንን አይደለም የምልሽ" አልኋት። "ምስክር አለን ያሉሽ እኔን ነው። አላልሁም ብያለሁ። ጣቴን አድርጌበታለሁ።"

ባለጥፊዋ ጸጉሯን መፍታቱን ተወችው። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

"ወረቀቱን አነበቡልዎት?" አለችኝ መምህርቷ።

"አላነበቡልኝም።"

"እንግዲያው ምን እንደተጻፈ አያውቁም። የእርስዎ አይደለም።"

መውጫ ነበር የሰጠችኝ። ዝም ብል ያበቃ ነበር። "ኧረ አውቃለሁ" አልሁ። "የተናገርሁት እኔ ነኝ እኮ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምሳ ሲመጣ ዳቦዋን እንደ ትናንቱ ከሦስት ቆረሰችው። የእኔን ድርሻ አላሳነሰችብኝም። ብታሳንሰው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው ራሱ መጣ። "ይነሡ እማማ። ለክርስትናው ይደርሳሉ" አለኝ። ረቡዕ የነገርሁትን አስታውሶልኛል።

"መጀመሪያ ያን ወረቀት አንብብልኝ፣ ልጄ።"

"አልቆ የለም እንዴ?"

"አንብብልኝ።"

ቢሮው ገብተን አነበበልኝ። ሲጨርስ፣ "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁ። ውሸቴን ነው። አሁን ሌላ ጻፍ" አልሁት።

ብዕሩን አስቀመጠ። "ይህን ካሉ ዛሬ አይወጡም። ነገም አይወጡም።"

"ጻፍ። ስድስት ሴቶች ነን ብለህ ጀምር።"

ብዕሩን መልሶ አንሥቶ ጻፈ። አንብብልኝ አልሁት፤ አነበበ። አንድ ቦታ "ስትወድቅ ሰምቻለሁ" ብሎ ነበር። "አይቻለሁ ነው" አልሁት፤ ሰረዘው። ከዚያ ጣቴን ራሴ ቀለሙን አስነክሬ ራሴ አሳረፍሁት። እጄን ማንም አልያዘኝም።

እሑድ ጠዋት በቀዳዳዋ በኩል የቤተ ክርስቲያን ደወል ገባ። ሕፃኗ በሌላ ሰው እቅፍ ሆና ትሄድ ነበር። መምህርቷ ካርቶኗን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ይህን የሰሙ ሰዎች "ይኸው ካሱ አይደል?" ይሉኛል። አልካስሁም። ሁለት ዓይነት ቃል የሰጠ ሰው አይታመንም ተባለ፤ የመጀመሪያው ቃሌ ሁለተኛውን በላው። እኔን በሁለተኛው ሳምንት ለቀቁኝ። እሷን ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ አቆዩአት። ከወጣችም በኋላ ያን ትምህርት ኮሌጁ አልመለሰላትም። ወደ እናቷ አገር ስትሄድ ገበያ ድረስ መጥታ ተሰናበተችኝ። አንድ እቅፍ ቄጠማ ላሸክማት ብል፣ "አውቶቡስ ላይ ይጠወልጋል፣ እማማ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቆርቆሮው ዛሬም አለ። እኛ አሁን አራት ነን።

ይህን በስልኳ የምትጽፍልኝ ያች ክርስትናዋ ያመለጠኝ የልጅ ልጄ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ትናንት ስትጨርስ አንብቢልኝ አልኋት። መርማሪው ዘንድ ስትደርስ "አስፈራርተው፣ አስጨንቀው አናገሩኝ" ትላለች።

"ይህን ማን አለሽ?"

"እምዬ፣ እንዲያ ካልሆነማ ሰው ምን ይልሽ?"

"የሚለውን ይበለኝ። ሰርዢው። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ እማማ አለኝ ብለሽ ጻፊ።"

አኩርፋ ጻፈች። እንደገና አነበበችልኝ። ወንበሩ አለ። ውሃው አለ። ሶፍቱም አለ።

"አሁንስ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኋት። "የእኔ ነው።"