ሁለት ጓዝ እስከ ያዮ

ባለፈው ሳምንት ሲፈን ሳሎኔ መሐል እቃዋን ዘርግታ ስትሸክፍ ዋለች። ሲፈን የሟቹ ወንድሜ የበቀለ የልጅ ልጅ ናት። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና ዓመት ሙሉ አገር ልትዞር ነው፤ መኪና ባለበት በመኪና፣ በሌለበት በእግር። የገዛችው የጀርባ ቦርሳ ቆሞ እስከ ደረቷ ይደርሳል። በወገብ ይታሰራል፣ በደረት ይቆለፋል፣ ኪሱ ተቆጥሮ አያልቅም። ስልኳን ከፍታ አንድ ፈረንጅ ከባዱን እቃ ወደ ጀርባ አስጠግታችሁ ከላይ አድርጉ፣ ቀላሉን ከታች አድርጉ እያለ ሲያስተምር ታያለች።

«አኮ፣ ይሄ እኮ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው» አለችኝ። አኮ የምትለኝ አያቴ ማለቷ ነው፤ መቱ ተወልዳ ያደገች ልጅ አማርኛዋንና ኦሮምኛዋን ሳትለይ ነው የምታወራው።

ደግሞም ቀጠለች። «እኔ የምገረመው በአያቴ ነው። እሳቸው በዚያ ዘመን ኢሉባቦርን በእግራቸው ሲዞሩ ይሄን ሁሉ ማን አስተማራቸው?»

ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ የደም ግፊት ክኒን እየዋጥኩ ደሜ እንዲህ መፍላት አልነበረበትም። ግን ምን ላድርግ? ያስተማርኩት እኔ ነኛ! ቦርሳውን የሰፋሁት እኔ፣ ስንቁን ያሰናዳሁት እኔ፣ ሸክም አያያዝ ያሳየሁት እኔ። ይህንን ስልሳ ዓመት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የሆነ ነው። አባታችን መቱ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ትኩስ ወሬ ለእንግዳ ጮክ ብለው ያነቡታል። ዘመናዊ ሰው መባል ከምንም በላይ ይወዱ ነበር። እኔንም ከወንድሜ ጋር እኩል ትምህርት ቤት ያስገቡኝ፣ ግማሹ ስለ እኔ ብለው ቢሆን ግማሹ ሰው እንዲያይላቸው ነው። በቀለ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። ስምንተኛ ክፍልን አብረን ጨረስን።

ከዚያ በኋላ እሱ ጅማ ሄዶ ትምህርቱን ሊቀጥል፣ እኔ ደግሞ ጎሬ ላለ የአባቴ ወዳጅ ልጅ ልዳር ተወሰነ። ግን የጅማው ትምህርት ቤት ቦታ የለኝም፣ ለከርሞ ይምጣ አለ። የእኔም ሠርግ ከእሱ መሄድ ጋር እንዲገጣጠም ለከርሞ ተባለ። አንድ ዓመት ባዶ ሆነ። በቀለ በጎሬና በቡሬ አድርጎ ጋምቤላ ወርዶ ባሮን ማየት፣ ተመልሶ ደግሞ ያዮንና በደሌን ማዳረስ ተመኘ። እንደዚያ ያለ ነገር መመኘት የሚችል እሱ ብቻ አልነበረም። ያ ዓመት ከአባቴ ቤትና ከባሌ ቤት መካከል የተገኘ ነው። የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው አልኩ። በየከተማው ዘመድ አለን፤ ማደሪያ አናጣም። አብሬው ልሂድ ብዬ ለመንኩ።

አባቴ መልሱን የሰጡት እንግዶች ባሉበት ነው። «ለእኔ ሴትም ወንድም ልጅ አንድ ነው» አሉ፤ እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ ያዮ አጎታችሁ ዘንድ ደርሳችሁ ኑ። የራሱን ጓዝ ተሸክሞ ሄዶ፣ የራሱን ጓዝ ተሸክሞ እዚህ ግቢ የገባ፣ ዓመቱን ይሂድ። ያልቻለ ይቀራል።»

ዝግጅቱን በዚያው ሳምንት ጀመርኩ። አንድ ባለሱቅ ካረጀ የጭነት መኪና ሸራ ላይ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ሁለት ቦርሳ ሰፋሁበት። ማንገቻውን ከጠፍር ሠርቼ ትከሻ እንዳይቆርጥ ውስጡን በአሮጌ ጋቢ አለበስኩት። ሸክሙን ግን ያስተማሩኝ እትዬ ጫልቱ ናቸው። እትዬ ጫልቱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ውኃና እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ። መጀመሪያ ጠጠር ሞልቼ ቦርሳውን ሳነግት አይተው ሳቁብኝ።

«ኦል ካሲ! ወደ ላይ አንሺው እንጂ!» አሉኝ። «ሸክም ወገብ ላይ ከወረደ ወደ ኋላ ነው የሚጎትትሽ። ከባዱን ከጀርባሽ ጋር አጣብቂው፤ ደረትሽ ላይ ደግሞ እሰሪው።»

ዳገት ላይ እርምጃ ማሳጠር እንዳለብኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለእረፍት ሸክም መሬት ላይ እንደማይወርድም ነገሩኝ፤ ቁመቱ ልክ የሆነ ጉብታ ተፈልጎ፣ ጀርባን ሰጥቶ፣ በቁም ማስደገፍ ነው። «ማውረዱ አይደለም የሚገድለው፣ መልሶ ማንሳቱ ነው» አሉኝ። ሲፈን ሳይንስ ያለችውን እትዬ ጫልቱ ያለ ስልክ ያውቁት ነበር።

ስንቁስ? በሶ ፈጨሁ። የገብሱን ዱቄት በተነጠረ ቅቤ አሽቼ ጭኮ ሠራሁ፤ ጭኮ ሲርብ አንዲት ቁራሽ በቂ ናት፣ ኮሰረቱ ምላስ ላይ ይቆያል። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ጥቅምት ገባ ብሎ የሚያፍር ዝናብ አይደለም፤ ሁሉንም በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አሰርኩት። አክስቶቻችን እያንዳንዳቸው አንድ ስልቻ ይዘው መጡ። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ በፊት በር እየተቀበልኩ በጓሮ በር ለጎረቤት አደልኩት።

በቀለ የሸከፈው ፋኖስ፣ ማንቆርቆሪያ፣ አራት መጽሐፍ፣ መስታወትና አንድ ኮት ነበር። እኔ ሳወጣ እሱ ይመልሳል። አዲስ ቆዳ ጫማ ተገዝቶለት ከአልጋው በላይ ሰቅሎታል።

«አውርደህ ልመደው» አልኩት።

«ለመንገድ ነው እኮ! አሁን አድርጌው ያርጅ?»

ይኸው ነው የእኛ ሰው። አዲስ ነገር ለቀኑ ይቀመጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ያቆስላል። እኔ ጣቴ የሚታይበትን አሮጌ ሸራ ጫማዬን ይዤ፣ እግሬን ሞራ እየቀባሁ፣ ጠጠሬን ተሸክሜ በየጠዋቱ ዳገት ወጣሁ።

ይህን ሁሉ የሚያህል ሌላም ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ መቱ ውስጥ የደህና ሰው ልጅ የተባለ ወንድ በጀርባው አይሸከምም። ወንድ በቅሎ ይጭናል፣ አህያ ይነዳል፣ ከባሰበትም ትከሻው ላይ ያጋድማል። ጀርባ የሴት ነው። ስለዚህ በመነሻችን ቀን በቀለ ቦርሳውን ባንድ ትከሻው ብቻ አንጠልጥሎ፣ ዱላ ይዞ፣ ሽርሽር የሚወጣ መስሎ ከግቢ ወጣ። በሁለቱም አንግተው፣ ደረትህ ላይ እሰረው ብለው «ሴት ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ።

ቀዩ ጭቃ ጫማችንን ወደ ኋላ ይጎትታል። ከዛፉ የሚንጠባጠበው ውኃ ከዝናቡ አይለይም። ሁሩሙ ሳንደርስ የቀኝ ትከሻው ወደቀ፣ ማነከስም ጀመረ። ደግሞ ያን ቀን የሁሩሙ ገበያ ነበር። ማሩ በቅል፣ ቡናው በጆንያ፣ ሰዉ እንደ ጉድ። ገና ከሩቅ የአባታችንን ወዳጆች አየና ቆመ።

«እህቴ፣ ገበያውን እስክናልፍ ያዢልኝ» አለኝ።

ያዝኩለት። የእኔን ከኋላ፣ የእሱን ከፊት አነገትኩ። እሱ ዱላውን እያወዛወዘ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ሰዎቹም «የጸሐፊው ልጅ! ጎበዝ! ኢጆሌ ኬኛ፣ የእኛ ልጅ!» እያሉ ትከሻውን መቱት። እኔን ማንም አላየኝም፤ የተሸከመች ሴት በገበያ ቀን ማን ያያል? ገበያውን ካለፍን በኋላ ቦርሳውን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልመለስኩለትም፤ እግሩን እያየሁት ነበር። እስከ ያዮ ሁለቱንም ተሸከምኩ። መንገዱ ዳርና ዳር ቡናው ቀልቶ ለቃሚ ገብቶበታል፤ ሴቶቹ ሲያዩኝ ሥራቸውን አቁመው ያጨበጭቡልኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

አጎታችን ቤት ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ የለም፤ ሥጋ ነው። ሁለት ቀን ማር እየተቀባ ተኛ። መመለሻችን ሲደርስ አጎታችን በቅሎ ከነሠራተኛው ሰጡት። እሱ በበቅሎ፣ እኔ ከኋላ በሁለት ጓዝ። ያን ጊዜ እንኳ አልተቆጣሁም። ወንድሜ ነው፣ እግሩ ቆስሏል። አባቴ ቢከለክሉት እኔ እለምንለታለሁ፣ ጫማውን አለማምደን በሌላ ሳምንት እንነሳለን እያልኩ በልቤ አወጣ አወርድ ነበር።

የመቱ ቤቶች ሲታዩ በቀለ ከበቅሎ ወረደ። ሠራተኛውን ከዚህ ተመለስ አለው። ከዚያ እያነከሰ ወደኔ መጣና፣ «አምጪው፣ ደክሞሻል» አለኝ።

የእሱን ሰጠሁት። በሁለቱም ትከሻው አነገተው፤ ደረቱ ላይም አሰረው፤ ለካስ ያውቅበታል! «ያንቺንም አምጪው» አለ።

የአባቴን ቃል ረስቼው አይደለም። ግን ማንም ባይመሰክርልኝ እሱ ይመሰክርልኛል አልኩ። እንዲያውም ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ ሄደን እስክንመለስ የተሸከምኩለትን ሊክሰኝ የፈለገ መሰለኝ። አውልቄ ሰጠሁት።

አባቴ ከእንግዶቻቸው ጋር ግቢው ደጃፍ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። በቀለ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት ተሸክሞ እያነከሰ ገባ። እኔ ባዶ እጄን ተከተልኩት። አባቴ ብድግ አሉ። «አያችሁልኝ? እግሩ ደምቶ የሁለቱንም ተሸክሞ መጣ!» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ? ያዮ ደርሰሽ ለመምጣት ጓዝሽን ወንድምሽ ላይ ከጫንሽ፣ ዓመት ሙሉ ምን ልትሆኚ ነው?»

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ ሁለቱንም...»

«ከማን አፍ ልስማው? በቀለ፣ አንተ ተናገር።»

በቀለ መሬት መሬቱን አየ። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ያዘነ በሚመስል ድምፅ፣ «ደክሟት ነበር» አለ።

ሁለት ቃል ናት። እንግዶቹ ሳቁ፣ አባቴም ሳቁ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ጮኬ ነበር፣ አልቅሼ ነበር፤ ለቅሶዬን የድካሜ ማስረጃ አደረጉት። ተረከዙ እንደዳነ በቀለ በቅሎ ተጭኖለት፣ ሰው ታዞለት፣ እኔ የሰፋሁትን ቦርሳ ይዞ ወደ ጎሬ ተነሳ። ስንቁን እንደገና ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ታዘዝኩ፣ ሠራሁ። ጭኮውን ሳሽ ለምን አመድ እንዳልጨመርኩበት ዛሬም ይቆጨኛል። ጋምቤላ ደርሶ በአራት ወሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በእግሩ አገር የዞረ ሰው እሱ ሆነ። እኔም እንደተባለው ለከርሞው ተዳርኩ።

ይህን ሁሉ ለሲፈን ነገርኳት። እቃዋ መሐል ተቀምጣ አፏን ይዛ ሰማችኝ። በመጨረሻ፣ «አኮ፣ ታዲያ ይቅር አላሏቸውም?» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቁዎትም?»

ሊጠይቀኝ ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ሄጄ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። እጄን ያዘኝ። ከስቶ ነበር፣ ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እህቴ» አለኝ፣ «ከያዮ የመጣን ዕለት... ታስታውሻለሽ?»

አፉ ላይ እንደነበረ አየሁት። አንድ ጊዜ «አዎ» ብለው ይወጣለት ነበር።

«ያዮ? የቱን ዕለት?» አልኩት።

እንደማስታውስ ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቄያለሁ። እጄን ለቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያላለውን ይዞ ሄደ። ቀብሩ ላይ ስለዚያ ጉዞው ብዙ ተነገረ፤ እኔም ከሰው ጋር አለቀስኩ፣ ለቅሶዬም እውነት ነበር።

ለንስሐ አባቴ ይህን ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልነገርኳቸውም። ሲፈንም ፈራ ተባ እያለች «አይጸጸቱም?» አለችኝ። አንዳንድ ቀን እጸጸታለሁ፤ ሌላውን ቀን ሁሉ አልጸጸትም። ከዚያ ዓመት ለእሱ ጋምቤላ ደረሰው፣ ለአባቴ ለእንግዳ የሚያወሩት ደረሳቸው። ለእኔ የደረሰኝ ይህ ቁጣ ብቻ ነው፤ ሊወስድብኝ ሲመጣ አልሰጠሁትም።