የሱፍ ውሃ

በ2016 ዓ.ም. የበልግ ወራት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ሦስተኛውን ዙር የካንሰር መድኃኒት ወሰድኩ። በሳምንቱ አፌ ቆሰለ። ምላሴ ተላጠ፤ ምራቄን መዋጥ እንኳ ጭንቅ ሆነብኝ። ነርሷ በርበሬና መፋቂያ ከለከለችኝ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጨውና ሶዳ በጥብጬ እንድጉመጠመጥ አዘዘችኝ።

«ወተት ይጠጡ፣ እንቁላል ይብሉ። ክብደትዎ ከቀነሰ ቀጣዩን ዙር አንሰጥዎትም» አለች።

የንስሐ አባቴም ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ አይደለም» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። ለእንጦጦዋ ኪዳነ ምሕረትም ተስያለሁ፤ ጾሜን ሳልፈታ አፌን ከማረችልኝ ዳገቱን በእግሬ ልወጣ።

ልጄ የአጃ አጥሚት በሱፍ ውሃ እየሠራች በማንኪያ ታጎርሰኝ ጀመር። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው። ጣዕም የሚባል ነገር ከአፌ ጠፍቶ ስለነበር ዝም ብዬ እውጣለሁ። ክብደቴ አልቀነሰም፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ሻረ። ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ «እንዲህ ሆኜም አልገደፍኩም» አልኳት።

«አንቺንማ መላእክት ናቸው የሚመግቡሽ!» ብላ ሳቀች። ልጄ አጎንብሳ ሳህን ታጥባለች።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማንኪያ እንደዋጥኩ ጣዕሙ ታወቀኝ።

«ይሄ ወተት ነው።»

«ሱፍ ነው፣ እማዬ።»

«ምላሴ ነው እንጂ የሞተው እኔ አልሞትኩም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ከመጀመሪያው ቀን። አባ ናቸው ‹ስጪያት፣ አትንገሪያት› ያሉኝ። ምን ላድርግ? ትሙቺብኝ?»

«በእኔ አፍ ላይ ሁለታችሁ መከራችሁ» አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ነገሩ ከአፌ ቁስል በላይ አቃጠለኝ። ስለቴ ፈረሰ፤ ለጎረቤቴም ዋሾ ሆንኩ። ቢሆንም መትረፌን አልክድም፤ በዚያው እንደተኛሁ ተመስገን አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በጨውና ሶዳው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ወተቱን ራሴ አፈላሁና እስኪበርድ ጠበቅኩ። ከዚያ ልጄን ጠራኋት።

«መግደፌ ካልቀረ አውቄ ልግደፍ» አልኳት። አማተብኩና እያየችኝ ጠጣሁት።