የለጢፋ ነጭ አቡጀዲ

በጅማው በቾ ቦሬ ሰፈር ለጢፋን የማያውቃት የለም። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ሥራዋ ከሰቃ ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ የተተከለውን የጅማ ኮሌጅ ቴሌስኮፕ ማንቀሳቀስ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ዙሀራ ግን ለጎረቤት "የኔ ልጅ ጨርቅ ፎቶ አንሺ ናት" እያሉ ያሾፉባታል። ውሸትም አይደለም። ቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመው አዲሱ ካሜራ ዓይናችን የማያየውን፣ ከሙቀት የሚወጣውን ብርሃን ያያል። ታዲያ እሱም እንደ ሰው የራሱ ጉድፍ አለው። ለጢፋ ወደ ኮከብ ከመዞሯ በፊት በቴሌስኮፑ ቤት ጉልላት ውስጥ የተሰቀለ ነጭ አቡጀዲ ታነሳለች፤ አንዴ መብራት አብርታ፣ አንዴ አጥፍታ። ሁለተኛውን ከፊተኛው ስትቀንስ የካሜራው ጉድፍ ይጋለጣል፤ ከዚያ የኮከቦቹን ምስል ማጽዳት ቀላል ነው።

ካሜራው የውሰት ነው። አዋሾቹ "እስከ ዛሬ ማታ ወጥ የሆነ የጨርቅ ምስል ካልላካችሁ ለሌላ እንሰጠዋለን" ብለዋል። "ጅማ ይምጣ፣ እኔ አለሁ!" ብላ የተሟገተችው ደግሞ ለጢፋ ናት።

ያን ቀን ከሰዓት እናቷ ሥራዋን ሊያዩ አብረዋት መጥተዋል። ለጢፋ ከጎን ካለው ክፍል ሆና መብራቱን አጥፍታ አነሳች። ምስሉ መሃል ላይ ጫፉ የሾለ፣ ቦግ ያለ ነገር ወጣ። ደገመች፤ ያው ነው።

የሥራ ባልደረባዋ ዋቅጋሪ ራሱን ያዘ። "አለቀልን! ካሜራው ተበላሽቷል፣ አሽገን እንመልሰው።"

"ቆይ፣ ነፍስህ አትውጣ። ትናንት ደህና ነበር። አንድ ትኩስ ነገር አይቷል።"

"ጨርቅ ደግሞ ምን ትኩስ አለው?"

ለጢፋ ወደ ጉልላቱ ገብታ አቡጀዲውን በእጇ ጀርባ ዳበሰችው። መሃሉ ይሞቃል። ደግሞም ትናንት የተጨማደደው ጨርቅ ዛሬ እንደ ኢድ ልብስ ቀጥ ብሏል!

"ሐርሜ!" ብላ እናቷን ጠራች። "ይሄን ማን ተኮሰው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ እናቷ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ወላሂ፣ እንዲህ ተጨማዶ ይሰቀላል? ሰው ምን ይላል? እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ ሳላችሁ ከጥበቃው ቤት ካውያ ተዋስኩ።"

"ካውያውስ የት አለ?"

"ሰው እንዳያየው ከጨርቁ ኋላ ደበቅኩት።"

ለጢፋ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ፍም የሞላው የከሰል ካውያ በርጩማ ላይ ጉብ ብሏል፤ ጨርቁን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ዋቅጋሪ ሳቁ አፈነው። "አዴ ዙሀራ፣ ካሜራውን ሊያስነጥቁን ነበር እኮ!"

"ምን አጠፋሁ? ሸፍኜው የለ?"

"ጨርቁን አሙቆት ነዋ!" አለች ለጢፋ። "ካሜራው ደግሞ ሙቀት አያልፈውም።"

ካውያው ወጣ፣ ጨርቁ በረደ። ለጢፋ አብርታ አነሳች፣ አጥፍታ አነሳች፣ ቀነሰች። ምስሉ እንደ ረጋ እርጎ ወጥ ሆነ። ላከችው። ጀምበር ሳትጠልቅ መልስ መጣ፦ ካሜራው እዚያው ይቆይ! እልልታዋን ሰቃ ያልሰማ ካለ ተኝቶ ነው።

"ያቺን የተበላሸችውን ምስል አትሚልኝ" አሉ ወይዘሮ ዙሀራ።

ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅላለች። እንግዳ "ይሄ የትኛው ኮከብ ነው?" ሲላቸው ይቆጣሉ።

"ምን ኮከብ! የኔ ካውያ ነው። እኔ የደበቅኩትን ያገኘች ልጅ ኮከብ ያቅታታል?"