እትዬ መዝገብና የአማካሪዎቹ ፈተና

እትዬ መዝገብ ወደ ሥራ ስትመጣ አቋራጩን ትታ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ከጀመረች አንድ ዓመት ሊሞላት ነበር። ቤቷ ከመሥሪያ ቤታችን የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እሷ ግን በነዳጅ ማደያው አድርጋ፣ የሆስፒታሉን አጥር ታክካ፣ አርባ ደቂቃ ትፈጅ ነበር። የማያውቃት ሰው ለጤናዋ የምትራመድ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ከታችኛው ሰፈር እናቶች እየተደበቀች ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ስለ ሕፃናት ኑሮ የሚያጠና አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ አራት ክፍሎች ነበሩት። ከአራቱ እጅግ ጠባቧ መዝገብ ቤቷ ናት። በዚያች ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስለተቀመጠች ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ከደመወዝ መክፈያው ላይ ካልሆነ በቀር የሚያነሳው አልነበረም፤ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁላችንም እትዬ መዝገብ ነበር የምንላት። እኔ ከእሷ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ቁጥር ወደ ኮምፒዩተር ሳስገባ እውል ስለነበር፣ ሳቋን አስቀድሜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። የእሷ ሳቅ እንደ ማስነጠስ ነው፤ መምጣቱ ይታወቃል እንጂ መመለስ አይቻልም።

የራሷ የሆነ የአሠራር ሕግም ነበራት። በእሷ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ወረቀት ከላይ አይቀመጥም፤ ከሥር ይገባል። የቆየው ከላይ ሆኖ ቀድሞ ይስተናገዳል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው አስቸኳይ ደብዳቤ ቢያመጡ፣ ፊታቸው ላይ ክምሩን አንስታ ደብዳቤያቸውን ከሥር ታስገባዋለች። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ተራ ነው» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ይሄዳሉ።

በታችኛው ሰፈር የሕፃናት ድህነት ጥናት ሲጀመር፣ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዷ እግሯ ተሰብሮ ቀረችና እትዬ መዝገብ በምትኳ ተላከች። አርባ ጥያቄ ያለበትን መጠይቅ ታቅፋ አንድ መቶ ቤት አንኳኳች። ልጁ ስንት ጊዜ ይበላል፣ ስንት ጥንድ ጫማ አለው፣ የት ያጠናል፣ ሲታመም ማን ይወስደዋል፤ ሁሉንም ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ በየቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ነገር ትጨምር ነበር። «ውጤቱን እኔው ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ።» ማንም እንዲህ በይ አላላትም። ሰው ጓዳውን ከፍቶ ካሳየ በኋላ ዝም ብሎ መሄድ አላስችል ብሏት ነው።

ጥናቱ ግን አላልቅ አለ። ምክንያቱ ዳይሬክተሩ ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ማንኛውንም ረቂቅ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል» ይላሉ። በዚህም የተነሳ በሌሉበት «ጋሽ ትንሽ ይቀረዋል» እንላቸው ነበር። ጥናቱ ሰባት ጊዜ ተጽፎ ሰባት ጊዜ ትንሽ ቀረው። በዚህ መካከል አንድ ማለዳ፣ እትዬ መዝገብ በአቋራጩ ስታልፍ የሰፈሩ አትክልት ሻጭ ከቲማቲሟ መካከል ቀና ብላ እንዲህ አለቻት።

«እትዬ፣ እነዚያ የጻፍሻቸው ልጆች እኮ አደጉ። ምነው ጥናቱ ብቻውን ቀረ፣ አላጠባችሁትም?»

በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬ መዝገብም አብራ ሳቀች። በማግሥቱ ግን በነዳጅ ማደያው በኩል ዞራ መጣች።

ከዕለታት አንድ ቀን የድርጅቱ ቦርድ ደብዳቤ ጻፈ። ጥናቱ እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ ተጠናቅቆ ካልተፈረመ ፋይሉ ተዘግቶ ወደ ምድር ቤት ይውረድ፤ ለማጠናቀቅም ከውጭ አማካሪ ይቀጠር ይላል። እትዬ መዝገብ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወደ ምድር ቤት የወረደ ፋይል ተመልሶ ሲወጣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አላየችም።

«ከወረደ አለቀልኝ» አለችኝ። «መቶ ቤት ዋሽቼ ነው ጡረታ የምወጣው።»

«ካልወረደስ?»

«ካልወረደማ…» አለችና ያ ሳቋ መጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውነቷ ሁሉ እንደ ስፕሪንግ ይነጥር ጀመር። ማስታወቂያውን ራሷ በጋዜጣ አወጣች፤ የአመልካቾችን ማስረጃ ራሷ ለየች፤ የስብሰባ ክፍሉን መጋረጃ አውርዳ አጥባ ተኮሰችው። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር «እትዬ፣ አማካሪ ነው የምንቀጥረው ወይስ ሙሽራ ነው የምንቀበለው?» ቢላት፣ «አንተ ብቻ መኪናዋን እጠብ» አለችው። በደንቡ መሠረት ቅጥር ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት፤ ዳይሬክተሩ ሰብሳቢ፣ ሾፌሩ የሠራተኞች ተወካይ፣ እትዬ መዝገብ ጸሐፊ። ከአሥራ አንድ አመልካቾች መካከል ሦስቱ ለጽሑፍ ፈተና ተጠሩ። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

በፈተናው ማለዳ ዳይሬክተሩ በምስጢር ያዘጋጁትን ጥያቄ በሦስት ቅጂ አምጥተው በጠረጴዛዋ ክምር ላይ አኖሩት። «ከላይ ያሉትን ሦስቱን አሽጊልኝ፤ ግን እንዳታነቢ፣ ምስጢር ነው» ብለው ወጡ።

የሆነው እንግዲህ ይህ ነው። እትዬ መዝገብ ለሚመጣው አማካሪ ታሳየው ዘንድ ሦስት ባዶ መጠይቆች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ካኖረች ሳምንት አልፏታል፤ በተራቸውም ከክምሩ አናት ላይ ደርሰዋል። ዳይሬክተሩ ወጣ ከማለታቸው እጇ የለመደውን ሠራ፤ አዲስ መጤውን ፈተና አንስቶ ከሥር አስገባው። ከዚያም ከላይ ያሉትን ሦስቱን፣ ምስጢር ነው ስለተባለች አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ በዳበሳ አጥፋ በፖስታ ከተተች። ከለጠፈች በኋላም ማኅተም መታችበት።

ተፈታኞቹ ገቡ። አንደኛው ሰማያዊ ከረባት ያሰሩ ጎልማሳ ናቸው። ሁለተኛው በቀበቶው ላይ ሁለት ስልክ የሰካ ወጣት ምሁር ነው። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ የስታቲስቲክስ መምህርት ሲሆኑ፣ እርሳሳቸውን በነጩ ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው ነበር የመጡት። ፖስታቸውን ተቀብለው ተቀመጡ። እኔና እትዬ መዝገብ በመስተዋቱ ግድግዳ በኩል ሰርቀን እናያቸው ጀመር።

ባለ ከረባቱ ወረቀቱን ገለጥ ቢያደርጉ ግንባራቸው ተኮማተረ፤ ቀይ እስክርቢቶ አወጡ። ባለ ሁለት ስልኩ ጣሪያውን አየ፣ ማስሊያ መሣሪያውን አወጣ። መምህርቷ ግን የመጀመሪያውን ገጽ እንዳነበቡ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ገባ። እየሳቁ ነው።

«ፈተና ላይ የሚሳቅ ምን አለ?» አልኩ።

«እንጃ» አለች እትዬ መዝገብ፣ «ጋሼ ቀልደኛ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።»

ወዲያው ዳይሬክተሩ ከኋላችን መጡና እጃቸውን እያፋተጉ «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ምን ይሉ ይሆን? አንድ ቅጂ ካለሽ ስጪኝ እስቲ» አሉ። እትዬ መዝገብ «አንድም ቅጂ አላስቀረሁም» እያለች ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ ክምሩን ከሥሩ አነሳችው። ሦስቱም ፈተናዎች እዚያው ተኝተዋል። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ከዚያ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ለቅሶ ነው ስል ሳቅ ሆነ፤ ሳቅ ነው ስል እንባዋ ወረደ፤ ወንበር ይዛ ተንበረከከች።

ዳይሬክተሩ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ይሰረዛል» አሉ። «ፈተናው ይሰረዛል። እንደገና ማስታወቂያ እናወጣለን።»

ሳቋ ተቆረጠ። ማስታወቂያ ሦስት ሳምንት፣ ምልመላ ሁለት ሳምንት። አንድ ላይ አምስት። አማካሪው የሚገባው ፋይሉ ምድር ቤት በወረደ ማግሥት ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳይሬክተሩን መንገድ ዘግታ በር ላይ ቆመችባቸው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅጡኝ። ግን ሰዎቹ ጽፈዋል። የተጻፈ ወረቀት ሳይነበብ አይጣልም። አንብበን እንሰርዘው።»

«መጠይቅ ሞልተው ምኑን እናነበዋለን?»

«እኔ ያንን መጠይቅ መቶ ቤት አስሞልቻለሁ። ሰው እሱን ሲሞላ ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቃል።»

ለኮሚቴው የመጣው ሾፌርም «የሠራተኞች ተወካይ ይደግፋል» አለ። ሁለት ለአንድ ሆነና እኔም ባለሁበት ተነበበ።

ባለ ከረባቱ ከአርባው ጥያቄ አሥራ ሰባቱን በቀይ ሰርዘው በምትካቸው የራሳቸውን ጽፈዋል። «ይሄ ሰውዬ ታክሲ ቢሳፈርም መሪውን ካልቀየርኩ የሚል ነው» አለ ሾፌሩ። ባለ ሁለት ስልኩ በበኩሉ በአማካይ ልጅ ስም ነበር የሞላው፤ አማካዩ ልጅ አንድ ነጥብ ሦስት ጥንድ ጫማ አለው፣ በቀን ሁለት ነጥብ አራት ጊዜ ይበላል፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት አልጋ ላይ ይተኛል። እትዬ መዝገብ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

ሦስተኛውን ዳይሬክተሩ ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ዕድሜ፤ ያኔ ስምንት። ጫማ፤ አንድ ጥንድ ከወንድሜ ጋር። እሱ የጠዋት ተማሪ፣ እኔ የከሰዓት። መንገድ ላይ ተገናኝተን እንቀያየራለን፤ ሲዘገይ በባዶ እግሬ ቆሜ እሰድበዋለሁ። የጥናት ቦታ፤ የበሩ ደፍ፤ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ ስለሚረግጠኝ ማባዛትን ያጠናሁት እየተረገጥኩ ነው። ሲያመኝ የሚወስደኝ፤ አያቴ፣ በጀርባዋ፣ እያማረረች።» ከሥርም በትንንሽ ፊደል ማስታወሻ ነበረው። «እንዲህ ያለ ፈተና ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ይለኛል። ጥያቄ ሃያ ሁለት ግን ልጁን ሳይሆን ወላጁን ነው የሚጠይቀው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በኅዳጉ ላይ የጻፉት ነገር ካለ፣ ከቁጥሩ በፊት እሱን ባየው እወዳለሁ።»

እትዬ መዝገብ በመቶው መጠይቅ ኅዳግ ላይ ሁሉ በእርሳስ ጽፋ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እሱን ልየው ያለ ሰው አልነበረም። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሦስታችንም የምናውቀውን ቃል ጠበቅን። እሳቸው ግን «ፈተናውን ማን እንዳሰበው አትንገሯቸው» አሉና የመምህርቷን ቅጥር ቃለ ጉባኤ ፈረሙ።

መምህርቷ ሥራ የጀመሩት በተዘጋጀላቸው ቢሮ ሳይሆን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው አንዷ ኅዳጉን ታነባለች፣ ሌላዋ ትቆጥራለች፤ ሲስቁ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። እኔም ቁጥሩን እያስገባሁ፣ የሳቁን ምክንያት ለመስማት በየሰበቡ ስገባና ስወጣ እውል ነበር። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ ረቂቁ ለዳይሬክተሩ ቀረበ። እሳቸውም ሦስት ቀን አንብበው መምህርቷን አስጠሩ።

«ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል።»

«ስንት?» አሉ መምህርቷ።

«እንዴት ስንት?»

«በገጽ ይንገሩኝ። ትንሽ ማለት ስንት ገጽ ነው?»

በዚያ ወንበር ላይ እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም። መስኮቱን አዩ፣ ረቂቁን አገላበጡ። «ሁለት… ሁለት ገጽ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ።

«መልካም። ነገ ጠዋት ሁለት ገጽ አመጣለሁ፤ እርስዎም እስክርቢቶ ይዘው ይጠብቁኝ።»

በማግሥቱ ሁለቱ ገጽ መጣ፤ ዳይሬክተሩም ፈረሙ። ቦርዱ ከሰጠው ቀን በፊት ሁለት ቀን ተርፎ ነበር። እትዬ መዝገብ በደረጃው ላይ ወደ ታች ስትሮጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ እሳት የተነሳ መስሎት ወደ ደጅ ወጣ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በታችኛው ሰፈር ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተፈቀደልን። ሴቶቹ በልጆቻቸው ወንበር ላይ እንደምንም ተጠብበው ተቀመጡ። እትዬ መዝገብ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ሪፖርቱን ገለጠች። «በዚህ ሰፈር ከመቶ ልጆች ስድሳ ሁለቱ ቤት ውስጥ የሚያጠኑበት ቦታ የላቸውም» ብላ አነበበች።

«ይህንንማ እኛው ነን የነገርንሽ» አለች አትክልት ሻጯ።

«አዎ» አለች እትዬ መዝገብ። «አሁን ግን ተፈርሞበታል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አላውቅም ነበር አይልም። የትምህርት ቤቱም ርእሰ መምህር ይኸው ተቀምጠው እየሰሙ ነው፤ ይህን ክፍል ከትምህርት በኋላ ለጥናት ይከፍቱታል ወይስ አይከፍቱትም፣ እናንተው ጠይቋቸው።»

ርእሰ መምህሩ ያልጠበቁት ነገር ነበርና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃያ ሴቶች አንድ ላይ ዞረው አዩዋቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ ይከፈታል አሉ፤ አትክልት ሻጯም «ለምን ከሰኞ አይሆንም?» ብላ አንድ ቀን አስቀነሰቻቸው።

ሴቶቹ መነሳት ሲጀምሩ አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደ ጠረጴዛው መጥታ ሪፖርቱን በጣቷ ነካችው።

«እኔ አለሁበት?»

«አለሽ» አለች እትዬ መዝገብ፣ ጎንበስ ብላ። «ስም አልተጻፈም እንጂ ከስድሳ ሁለቱ ውስጥ ነሽ።»

«ስንተኛዋ ነኝ?»

እትዬ መዝገብ ግራ ቀኟን አይታ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «አንደኛዋ።»

ልጅቱ እንደ ጥይት ተወርውራ ወጣች። ጓደኞቿን ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ረጅም የልጆች ሰልፍ ቆመ። እትዬ መዝገብ እያንዳንዱን በተራው እያስጠጋች በጆሮው ነገረችው፤ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ሾፌሩ ከውጭ ጥሩምባ ቢነፋ የሚሰማው ጠፋ። መምህርቷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቆጥሩ ነበር፤ የስድሳ ሁለቱ አንደኞች ሰባ ሦስት ሲደርሱ እርሳሳቸውን ጸጉራቸው ውስጥ መልሰው ሰኩና ቆጠራውን ተዉት።