ሮለር ብዬ ያነበብኩት ቃል

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ዕለቱ ረቡዕ ይሁን ሐሙስ እጠራጠራለሁ። መልእክቱን ያነበብኩት ደጃፍ ላይ ቆሜ ይሁን ወደ አውድማው ስንሄድ፣ እሱም አይጠራልኝም። ገብሱ ግን ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ሳይወቃ ነበር፤ በዚህ አልሳሳትም።

ከወገዳ ከተማ ወደ መንደራችን የሚመጣው መንገድ በሚሠራበት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ እየጠበቅሁ አባቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። የተማርኩት ታሪክ ነው። የመንደሩ ሰው ግን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው የእንግሊዝኛ ስም ያለውን ብረት ሁሉ ያውቃል ብሎ ያምን ነበር፤ እኔም ይህን እምነት ለማረም አልቸኮልኩም። ዶዘር አፈሩን ገፍቶ ይጥላል፤ ግሬደር በረጅሙ ምላጩ ያስተካክለዋል፤ ኤክስካቫተር በክንዱ ይቆፍራል፤ ሎደር በፊቱ በተሸከመው ትልቅ አካፋ አፍሶ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭናል እያልኩ አስረዳ ነበር። ሮለርን ማስረዳት አላስፈለገኝም። መንገድ እየጠቀጠቀ የሚሄደው ያ ከባድ ብረት ድሮውንም ሰው ያወጣለት የአማርኛ ስም አለው፤ ዳምጠው ይባላል።

የአባቴ አውድማ ከመንገዱ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ነበር። ጉብታዋ መንገድ የሚለብሰው ጠጠራማ አፈር፣ ገረጋንቲ፣ ሆና ተገኘች፤ አባቴም አፈሩ ቢወሰድ ፈቀዱ። ከመንገድ ሥራው ፎርማን ጋር የነበራቸው ስምምነት አንድ ብቻ ነው፦ ሎደሩ የሚመጣበትን ቀን በዋዜማው ያስታውቃቸዋል፤ እሳቸውም ክምሩን ወደ ጓሮ ያዞራሉ። የዓመቱ እህላችን በሙሉ እዚያ ክምር ውስጥ ነበር።

መልእክቱ የመጣው በአባቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስልኩ የአማርኛ ፊደል ስለማያወጣ፣ ፎርማኑ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎት ነበር። አባቴ ዳዊት ይደግማሉ፤ ያን ፊደል ግን አያውቁትም። ስለዚህ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

«ነገ ጠዋት ሮለር በእናንተ በኩል ይገባል ይላል» አልኳቸው።

«ሮለር ደግሞ የትኛው ነው?»

«ዳምጠው ነው አባባ።»

«ዳምጠው ከመንገድ አይወጣ! ታዲያ ለእኔ ምን ብሎ ይጽፍልኛል?»

«ለሁሉም ነው የሚልኩት። ከብት መንገድ ላይ እንዳይለቀቅ ብለው ይሆናል።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። እስቲ ለማንኛውም ደግመህ እየው።»

ደግሜ ያየሁት ይመስለኛል። ፀሐይዋ አስቸግራኝ ስልኩን በመዳፌ ስከልል ይታየኛል። ሳላይ «አይቼዋለሁ» ብያቸውም ይሆናል። ይህን ብዙ ጊዜ ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት አካፋውን ወደ ላይ አንሥቶ ሎደር መጣ። ኦፕሬተሩ ከላይ ሆኖ፣ «አባት፣ ይሄን ገለባ አላነሡትም እንዴ?» አለ።

«ገለባ! ያልተወቃ ገብስ ነው እንጂ!»

«ትናንት መልእክት ተልኮልዎታል እኮ።»

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደሙኝ። «ስልኬ ተዘግቶ ነበር» አሉት። ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን እንደዋሹም በዚያች ሰዓት አልገባኝም።

ኦፕሬተሩ ደግ ሰው ነበር፤ ሞተሩን አጥፍቶ እስከ ቀትር ታገሠን። ጎረቤት ተጠርቶ ነዶ መሸከም ተጀመረ። ገብሱ ክፉኛ ደርቆ ስለነበር በነካነው ቁጥር ይረግፋል። ጎረቤታችን የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ነዶ በትከሻቸው ተሸክመው አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«ስማ አንተ፣ አባትህ ትናንት ማታ፣ የሚመጣው ዳምጠው ነው ብለውኝ ነበር። ዳምጠው ይሄ ነው?»

«ስማቸው ይቀራረባል የኔታ። አንዱ ሎደር፣ አንዱ ሮለር ነው። የጻፈው ሰው ፊደል ተሳስቶ ነው።»

«እኛ ዘንድ በንጉሡ ሠ ‹ሠረቀ› ካልክ ፀሐይ ወጣ ነው፤ በእሳቱ ሰ ከጻፍከው ሌባ ይሆናል። ፊደል የሳተ ተማሪ እኔ ዘንድ ጾሙን ይውላል፤ እናንተ ዘንድ ዲግሪ ይሰጡታል?»

የተሸከመ ሁሉ ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቁም። «ልጁ ምን ያድርግ የኔታ፤ የጻፈው ነው የተሳሳተው» አሉ።

ግራ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ለኦፕሬተሩ ስልኬ ተዘግቶ ነበር ያሉ ሰው፣ ለየኔታ መልእክቱ ተሳስቶ መጣ አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም። እኔ ሁለተኛውን ያዝኩ፤ ስለሚስማማኝ መሆኑን ዛሬ አልክድም። የረገፈው ከገረጋንቲ ጋር ተቀላቅሎ ሊለቀም አልቻለም፤ የዚያ ዓመት ገብስ ፋሲካን አላለፈም። እኔ ግን ለዓመታት ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር ጥፋቱን ለፎርማኑ እሰጥ ነበር። ከመደጋገሙ የተነሣ በስልኩ መስታወት ላይ ‹ሮለር› የሚለው ቃል ተጽፎ ይታየኝ ጀመር።

ዘንድሮ ልጠይቃቸው ስሄድ የዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ያን ስልክ አገኘሁት። መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

«አባባ፣ ይሄን ለምን አኖሩት?»

«እንጃ፤ መጣሉን ረስቼው ነው።»

«ያን ጊዜ መልእክቱ ምን ነበር የሚለው?»

«ያነበብከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን!» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ «ተወው ልጄ፤ ገብሱ እንደሁ ተበልቷል» አሉኝ።

አልተውኩትም። ስልኩን ወገዳ ወስጄ አንድ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ አስደረግሁት፤ መልእክቱ አልጠፋም ነበር። በመዳፌ ከልዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደ አማርኛው አጠራር የተጻፈው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ኤል ነው፤ ሦስተኛው ዲ ነው። ፎርማኑ የጻፈው ሎደር ነበር።