መጽሐፉ እንዳይሄድ

ክላሪ ቶንኪን በወጣትነቱ የስንዴ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። በወደብ ከተማዋ በፖርት ሄንድሪ ሲሎ የሚሉት የእህል ማከማቻ ማማ ከመሠራቱ በፊት መርከብ በመጣ ቁጥር ከጎተራው እስከ ወደቡ ድልድይ ጫፍ ጆንያ በትከሻው ሲያመላልስ ይውል ነበር። ሲሎው ቆሞ ስንዴው በማሽን መጓዝ ሲጀምር የማሽኑ ጠባቂ አደረጉት፤ ጡረታ የወጣውም ከዚያው ነው። ትከሻው እስከ ዛሬ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለ ነው። ከባሕሩ ዳር ሲመጣ ፊቱን ሳያዩ በትከሻው የሚለዩት ብዙ ናቸው።

ትምህርት ቀደም ብሎ ስለተወ ከመጽሐፍ ጋር አይተዋወቅም ነበር። መጽሐፍን በጆሮው በኩል ያስገባችለት ሚስቱ ኤልቫ ናት። እራት ሲያልቅ እሱ ሰሃን ያጥባል፤ እሷ ወንበሯን ወደ መታጠቢያው ጠጋ አድርጋ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ታሪኩ ልብ የሚሰቅል ከሆነ አንዱን ሰሃን ደጋግሞ ያጥበዋል።

«ክላሪ፣ አበባውን ከሰሃኑ ላይ ልትፍቀው ነው እንዴ?» ትለዋለች።

«አንቺ አንብቢ። የሰሃኑን ነገር ለኔ ተዪው።»

ትዳራቸው እንዲህ አረጀ። አንድ ልጃቸው ዌንዲ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ እየወሰዳት አድጋ፣ ነርስ ሆና ዳርዊን ከተማ ገባች፤ ከአገሩ ደቡብ ጫፍ ወደ ሰሜን ጫፍ።

ኤልቫን ስትሮክ የመታት ከባሕሩ ሸርጣን በሚያዝበት የበጋ ወራት ነው። ቀኝ ጎኗ ዛለ፤ ንግግሯ ጠፋ። ሐኪሞቹ «የምትሉትን ትሰማለች፤ መልሱ ነው የማይወጣላት» አሏቸው። በዚያ ሰሞን ታነብለት የነበረው መሪ በሚባል ወንዝ ዳር ሆቴል ስለሚያስተዳድሩ ሁለት እህትማማቾች የተጻፈ ልብ ወለድ ነበር። ታላቂቱ ከአንድ ጀልባ ነጂ ጋር ጠፍታለች፤ ታናሿ ወንዙ ዳር ፋኖስ ይዛ ቆማለች። ኤልቫ እዚያ ላይ አቆመች።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ክላሪ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ «አይዞሽ፣ እኔ እጨርስልሻለሁ» አላት። እሷም በደህናው እጇ እጁን ጨበጠችው። በሕይወቱ ብዙ ቃል የገባ ሰው አይደለም። ይህችን ግን ገባ።

ዓይኑ ደክሟል፤ የወረቀት ፊደል ጉንዳን ሆኖ ይታየዋል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግሌኒስ መጽሐፉን ዌንዲ በላከችው ታብሌት ላይ አወረደችለት፤ ፊደሉንም ጣት እስኪያክል አተለቀችው። ክላሪ በየማታው ጣቱን እያስከተለ፣ ፊደል ገና እንደሚማር ልጅ፣ ቃል በቃል አነበበላት። የውሰት ጊዜው ሲያልቅ መጽሐፉ በራሱ ከታብሌቱ ይጠፋል፤ ግሌኒስ ትመልስለታለች። እንዲህ እያለ ቆየ።

አንድ ሐሙስ፣ ግሌኒስ ከቤት ለማይወጡ ሰዎች መጽሐፍ ስታዞር፣ በር ላይ ቆማ አንገቷን ደፋች።

«ክላሪ፣ ይቺ ውሰት የመጨረሻዋ ናት። አሳታሚው የሰጠን ፈቃድ ጊዜው አልቋል። ላድስ ብል ለቤተ መጻሕፍት መስጠት አቁመናል አሉኝ።»

«ገዝታችሁት አልነበር?»

«ተከራይተን ነው እንጂ። የወረቀቱ ሲሆን ከገዛነው የኛ ነው፣ እስኪበጣጠስ እናውሳለን። ይሄኛው ለአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ቀን ተቆርጦለት።»

«ታዲያ ለራሴ ልግዛው።»

«አሁን ለማንም አይሸጡትም። አዲስ እትም እስኪወጣ ከገበያ አንስተውታል።»

ክላሪ ትንሽ አሰበና፣ «በል ውጣ ብሎ ራሱን የሚያስወጣ ተከራይ ያየሁት ዛሬ ነው» አላት። ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። መጽሐፉ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ዘዴውን የነገረው ከወደቡ ድልድይ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ጎረቤቱ ኬቭ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ መጽሐፉ ቀኑ መድረሱን በምን ያውቃል? በኢንተርኔት አይደል? ዝጋው! ኢንተርኔት ከሌለ መጽሐፉ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። እኔ ስንቱን እንዲህ ጨርሻለሁ።»

«ይሄ ስርቆት አይደለም?»

«ምን ሰረቅክ? ዘግይተህ መለስክ እንጂ!»

ክላሪ ቤቱ ገብቶ ኢንተርኔቱን ዘጋ። የውሰቱ ቀን መጣ፣ አለፈም፤ መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም። እንደ ልጅ ፈነደቀ። «ኤልቫ፣ አሸነፍናቸው!» አላት።

ከዚያ በኋላ ግን ኤልቫ ተለወጠች። በተለይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደህናውን እጇን ወደ ታብሌቱ ትዘረጋለች። ክላሪ «መጽሐፉ አማራት» ብሎ ደስ እያለው አንስቶ ያነብላታል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እንባዋ ጆሮዋ ላይ ይወርዳል። «ታናሿ አሳዝናት ነው» እያለ፣ ድምፁን ይበልጥ አለስልሶ ያነባል።

ሁለት እሑድ እንዲህ አለፈና፣ ሐሙስ ዕለት ግሌኒስ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ምን ሆናችሁ? ዌንዲ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ደወለች እኮ! እሑድ እሑድ ብትደውል ብትደውል ታብሌቱ አይነሳም፤ ያንተም ሞባይል አይነሳም። ልጅቷ ሞታችኋል ብላ እያለቀሰች ነው!»

ሞባይሉ እንደ ልማዱ ጓሮ ካለው መኪናው ውስጥ ባትሪው አልቆ ተጋድሟል። ክላሪ ግን ስለ ሞባይሉ አላሰበም። «ዌንዲ» የሚለው ስም ሲጠራ ኤልቫ ከትራሱ ቀና ለማለት ስትታገል አየና፣ የእሑዶቹ እንባ ስለ ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። ዌንዲ በየእሑዱ ፊቷን ይዛ የምትመጣው በዚያችው ታብሌት ነው፤ ስትጠፋ እሱ ሥራ በዝቶባት መስሎት ነበር። መጽሐፉ እንዳይወጣ በሩን ሲዘጋ ልጁን ውጭ አስቀርቶ ነው የዘጋው።

«አይ የኔ ነገር» አለ፤ ተቀመጠ። «ለእሷ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ግሌኒስ።

«ከከፈትኩት መጽሐፉ ሄደ ማለት ነው?»

«ወዲያው። እኔም ልመልስልህ አልችልም። የወረቀቱን ከሌላ ከተማ ላስመጣ እችላለሁ፤ ፊደሉ ግን ላንተ አይታይህም።»

ክላሪ ታብሌቱን ይዞ ተነሣ። ከዚያ አልጋው ላይ ወደ ኤልቫ ጎንበስ አለ።

«ውዴ፣ እጨርስልሻለሁ ብዬሽ ነበር። ልጨርስልሽ አልቻልኩም። ይቅር ትይኛለሽ?»

ኤልቫ ደህናውን እጇን አንስታ ታብሌቱን ወደ ራሷ ጎተተችው።

ኢንተርኔቱን ከፈተው። የመጽሐፉ ሽፋን ደበዘዘና ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ታብሌቱ ጮኸ፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ዓይኗ ያበጠ ዌንዲ ብቅ አለች።

«አባዬ! ልትገድለኝ ነው እንዴ? እማዬስ?»

«ይቻት፣ ይቻት» አለና ታብሌቱን ወደ ኤልቫ አዞረው። ከኤልቫ ጉሮሮ ቃል ያልሆነ ድምፅ ወጣ። ከታመመች ወዲህ ቤቱ ያን ያህል ድምፅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። ግሌኒስ ሻይ አፈላለሁ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውሃውን ሳትጥደው ቆየች።

ክላሪ የሆነውን ሁሉ ለልጁ ነገራት። ዌንዲ ተቆጣችው፣ ሳቀችበት፣ አለቀሰችም።

«ታላቂቱ ተመለሰች ወይስ ጠፍታ ቀረች?» አለችው።

«እኔ በምን አውቃለሁ? ሆቴሉ ከተሸጠ በኋላ ያለውን አላነበብነውም።»

«እዚህ ያለው ቤተ መጻሕፍት የወረቀቱን አያጣውም። እኔ አነብላችኋለሁ።»

«አንቺ? የመድኃኒት ትእዛዝ እንኳ እየሮጥሽ የምታነቢ!»

እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ዌንዲ ከሥራ እየመጣች ከዳርዊን ታነብላቸው ጀመር፤ አነባበቧ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ዓይነት ነው። ጀልባ ነጂው በእሷ አፍ እንደ ሴት፣ ታናሿም እንደ ሕፃን ይናገራሉ። ክላሪ «ቀስ» ይላል፤ እሷ «ዝም በል አባዬ» ትላለች።

አንድ ማታ፣ ታሪኩ ውስጥ ጀልባዋ ከጭጋጉ ውስጥ ልትወጣ ስትል ዌንዲ ገጽ ገለበጠችና የሆነ ሠርግ ውስጥ ገባች። ኤልቫ የአልጋውን ጠርዝ በደህናው እጇ ዷ አደረገችው።

«ምንድነው? እማዬ አመማት?»

ክላሪ ሚስቱን አየ። ቅንድቧ ተኮማትሯል።

«አላመማትም» አለ። «ገጽ ዘለሽባታል። ተመለሺ።»

ከታብሌቱ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ውይ፣ ተጣብቆ ነው!» አለች ዌንዲ፤ ወደ ጭጋጉም ተመለሰች።